«ወኪል»፦ ስለ ገንዘባችን የሚከራከርልን ሰው ታሪክ

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። በተለይ በንግድ ላይ ያላችሁ ጊዜ ወስዳችሁ እንድታነቡት እንጋብዛለን።

መርካቶ ውስጥ ያለን አንድ ነጋዴ እናስብ። ጠዋት ከሸሪኩ ጋር ሂሳብ ይተሳሰባል። ደላላ ይጠራል። ሐዋላ ይልካል። ሰነድ ይፈርማል። ስራው ካልቀናው ኪሳራውን ይቆጥራል። ነገር የተነሳ እንደሆነ ደግሞ ለጠበቃ ውክልና ይሰጣል። ሸሪክ፣ ሂሳብ፣ ደላላ፣ ሐዋላ፣ ሰነድ፣ ኪሳራ፣ ወኪል፤ እነዚህ ሁሉ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። ከሸቀጡ ጋር የንግዱ ቋንቋም በቀይ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል ማለት ነው።

ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ዛሬ አንዱን ብቻ እናነሳለን፤ «ወኪል» የሚለውን። በንግድ ክርክር ስለ እኛ ዳኛ ፊት የሚቆመው ሰው ከየት መጣ? ምን ያህል ስልጣን ልንሰጠው ይገባል? እሱ ሲረታልንስ ሐቁ በእርግጥ የእኛ ሆነ ማለት ነው? ቀደምቶቻችን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረዋል። (ዓ.ም. ወይም ሂጅሪ ካላልን በቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ ዲናር፣ ሁለት በግ

በንግድ ላይ መወከል በኢስላም ከመጀመሪያው የነበረ ነገር ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነብይነት ከመምጣቱ በፊት የእናታችንን የኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም መነገዳቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በቡኻሪ የተዘገበ ሌላ ታሪክም አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዑርወተል ባሪቂይ ለተባለ ሰሓባ አንድ ዲናር ሰጥተው በግ እንዲገዛላቸው ላኩት። እሱም በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠና በግም ዲናርም ይዞ ተመለሰ። እሳቸውም በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት።

ፉቀሃኦች ስለ ውክልና ሲጽፉ ይህን ሐዲስ በማስረጃነት ያነሳሉ። ወኪሉ ትርፉን ለራሱ አላስቀረም፤ ለላከው ሰው መለሰ። የውክልና መሰረቱ ይህ ነው፤ አማና።

በግ ለመግዛት መወከል ግን ቀላሉ ነው። ለክርክር መወከልስ?

ምላሱ የተሳለ ሰው

በፊቅህ ኪታቦች እንደሚተረከው ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ዳኛ ፊት ቀርቦ መሟገትን አይወዱም ነበር። ስለዚህ ወንድማቸውን ዐቂልን ወከሉ። ዐቂል ሲያረጁ ደግሞ የወንድማቸውን ልጅ ዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈርን ተኩ። በዚሁ ዘገባ መሰረት ለወኪላቸው የተፈረደው ለእሳቸው እንደተፈረደ፣ በወኪላቸው ላይ የተፈረደውም በእሳቸው ላይ እንደተፈረደ እንዲቆጠር ተናግረዋል። ዛሬ ጠበቃ ችሎት ፊት ሲቆም የምናየው አሰራር ፍሬው ይኸው ነው፤ ቃሉ የእሱ፣ ውጤቱ የደንበኛው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያለ ክርክር አላለፈም። ኢማም አቡ ሐኒፋ (በ150 ሂጅሪ የሞቱ) አንድ ሰው ታሞ ወይም ሩቅ መንገድ ሄዶ ካልሆነ በቀር ባላጋራው ሳይስማማ በክርክር ላይ ወኪል ሊያቆምበት አይገባም አሉ። ምክንያታቸው የሚገርም ነው። ሰዎች በሙግት ችሎታ አይስተካከሉም፤ ባላጋራዬ ከእሱ ይልቅ አንደበቱ የተሳለ ሰው ቀጥሮ ቢያቆምብኝ ልጎዳ እችላለሁ። ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽሸይባኒ ግን አልተስማሙም። ሰው በገዛ ሐቁ ላይ የፈለገውን ይወክላል፤ የባላጋራው ፈቃድ አያስፈልገውም አሉ። ከኋለኞቹ ሐነፊዮች ከፊሎቹ ደግሞ ነገሩን ለቃዲው ተውት፤ ውክልናው ባላጋራን ለማስጨነቅ የታሰበ መሆን አለመሆኑን ቃዲው ይመዝን ብለው።

ይህን ካነበብን በኋላ ዛሬ ያለውን እንመልከት። አንዱ ወገን ትልቅ ኩባንያ ሆኖ ሶስትና አራት ጠበቃ አሰልፎ ይቀርባል፤ ሌላው ትንሽ አቅራቢ ሆኖ ብቻውን ይቆማል። አቡ ሐኒፋ ከ1,200 ዓመት በፊት የፈሩት ይህንኑ ነበር። መልሱ ጠበቃን መከልከል እንዳልሆነ ታሪክ አሳይቷል። ስጋቱ ግን እውነተኛ ነው።

መከራከር ሌላ፣ መቀበል ሌላ

ለነጋዴ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የሚከተለው ጥያቄ ይመስለናል። አንድ ሰው ዕዳውን እንዲያስከፍልለት ወኪል አቁሞ ተከራከረ፤ ወኪሉም ረታ። ታዲያ ገንዘቡን ከተሸናፊው እጅ የሚቀበለው ማን ነው?

አቡ ሐኒፋና ሁለቱ ተማሪዎቻቸው «ወኪሉ ይቀበላል፤ ክርክሩ የሚያልቀው ገንዘቡ እጅ ሲገባ ነውና» አሉ። ሌላው ተማሪያቸው ዙፈር ግን «አይቀበልም» አሉ። ባለቤቱ የሰጠው ስልጣን የመከራከር ነው፤ ገንዘብ መቀበል ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ የዙፈር አቋም የአንድ ሰው አቋም ነበር። ዘመን ሲያልፍ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ593 ሂጅሪ (1197) የሞቱት ቡርሃኑዲን አል መርጊናኒ «አል ሂዳያ» በተባለው ኪታባቸው በዘመናቸው ፈትዋ የሚሰጠው በዙፈር አቋም እንደሆነ ጽፈዋል። ለምን? በወኪሎች ዘንድ ክህደት ስለበዛ ነው። ሰው በክርክር ችሎታው ታምኖ በገንዘብ ላይ ግን የማይታመን ሊሆን ይችላል።

ሱብሓነላህ! የኪታብ ሰዎች ተብለው የምናስባቸው ፉቀሃኦች ገበያውን ምን ያህል ያውቁት እንደነበር ተመልከቱ። ዑለማኦቹ ወኪልን አላወገዙም፤ ያለ እሱ ንግድ እንደማይሄድ ያውቃሉ። ያደረጉት አንደበቱን ከእጁ መለየት ነው።

ወደብ ላይ

ይህ ሁሉ ንግግር በኪታብ ብቻ አልቀረም። ከ10ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከግብጽ ወደ ህንድ የሚሄደው ንግድ በቀይ ባሕር በኩል ያልፍ ነበር፤ በእኛው ደጃፍ፣ በዳህላክና በዐደን። በዚህ መንገድ ላይ «ወኪሉት ቱጃር» የሚባል ሰው ነበር፤ የነጋዴዎች ወኪል ማለት ነው።

ስለ እሱ ብዙ የምናውቀው ከአንድ ያልተጠበቀ ቦታ ነው። በድሮዋ ካይሮ፣ በፉስጣጥ፣ ቤን ዕዝራ በተባለ ምኩራብ ውስጥ አይሁዳውያን ያረጁ ወረቀቶቻቸውን ያከማቹ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲወጣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብጥስጣሽ ተገኘ። ከውስጡ የነጋዴዎች ደብዳቤ፣ የሂሳብ ወረቀትና የክርክር መዝገብ ይገኝበታል፤ አብዛኛው በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ዓረብኛ ነው። በዚያ ዘመን ሙስሊሙም አይሁዱም በአንድ ገበያ፣ በአንድ መርከብና በተቀራራቢ የንግድ ልማድ ይሰሩ ነበር።

ወኪሉት ቱጃር ምን ይሰራል? ከሩቅ አገር ያለ ነጋዴ ዕቃ ሲልክ ተቀብሎ ያስቀምጣል። ላኪው በሌለበት ስለ እሱ ፍርድ ቤት ይቆማል። ያልተከፈለ ዕዳ ያስከፍላል። ሁለት ነጋዴዎች ሲጣሉም ሁለቱም የሚያምኑት ሰው እሱ ነው። በ1151 የሞተው መድሙን ኢብኑ ሐሰን በዐደን ይህን ስራ ከአባቱ ወርሶ የሰራ አይሁዳዊ ነበር፤ ህንድ ለሚኖሩ ነጋዴዎች የጻፋቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። ዕቃው የሚከማችበት ቤትም «ወካላ» ይባላል። ሱልጣን ቃንሱህ አል ጙሪ በ1504 እና 1505 ያሰሩት ወካላ ዛሬም ካይሮ ውስጥ ቆሞ ይታያል።

ታዲያ ወኪሉ ራሱ ሲከሰስ ወይም ሲከስስ ምን ይሆናል? ከነዚህ ወረቀቶች መካከል ከ1097 መጨረሻ እስከ 1098 ክረምት ድረስ በፉስጣጥ የአይሁድ ፍርድ ቤት የታየ አንድ ክርክር አለ። ተከራካሪዎቹ ከሊቢያ ትሪፖሊ የመጣ የህንድ ነጋዴ የነበረው ዩሱፍ አል ለብዲና የፉስጣጥ የነጋዴዎች ወኪል የነበረው የቁቲኤል ናቸው። ጉዳዩ አንዱ ለሌላው ወደ ህንድ ይዞት ስለሄደው ዕቃ ነው። ችሎቱ ደጋግሞ ተቀመጠ፤ ሂሳብና ደብዳቤ ቀረበ፤ ወራት ፈጀ። የሌላውን ገንዘብ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በራሱ ገንዘብ ላይ እንደማንኛውም ሰው ማስረጃ መቁጠር ግድ ሆነበት።

ከክርክር በፊት ያለው ስራ

ጥሩ የንግድ ጠበቃ ትልቁን ስራ የሚሰራው ችሎት ከመቅረቡ በፊት ነው። ውሉን ያነባል። ማን እንደፈረመና የመፈረም ስልጣን እንደነበረው ይመረምራል። የርክክብ ወረቀቱን፣ ደረሰኙን፣ የባንክ ማስረጃውን፣ የተለዋወጡትን መልዕክት በቀን በቀኑ ይደረድራል። የይርጋ ጊዜ ማለፍ አለማለፉን ያሰላል። ከዚያ በኋላ ነው «ትከሳለህ» ወይም «ታረቅ» የሚለው።

በኢስላም ታሪክ ይህ ስራ «ሹሩጥ» የሚባል ራሱን የቻለ ዕውቀት ነበር፤ የውል አጻጻፍ ዕውቀት። በ321 ሂጅሪ (933) ግብጽ ውስጥ የሞቱት ኢማም አጥጦሓዊ፣ ብዙዎቻችን በዐቂዳ ድርሰታቸው የምናውቃቸው፣ በዚህ ዘርፍም ሰፋፊ ኪታቦች ጽፈዋል። ለሽያጭ፣ ለኪራይ፣ ለሽርክና፣ ለውክልና ምን ዓይነት ቃል መጻፍ እንዳለበት ያሳያሉ። ቃዲዎች በመዝሀብ ስለሚለያዩ የዚህ ዕውቀት ሰዎች አንዱ ቃዲ ያጸደቀውን ሌላው እንዳያፈርሰው ቃሉን በሁሉም ዘንድ እንዲጸና አድርገው ይቀምሩ ነበር።

መነሻቸውም ቁርኣን ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረዥሙ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ መሆኑን እናስታውስ፤ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እኛ ግን ዛሬም «ወንድሜ ነው፣ መጻፍ ያሳፍራል» እንላለን። ሐፍረቱ የሚመጣው ግን ኋላ ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች ያለ አንዲት ወረቀት ዳኛ ፊት ሲቆሙ።

የረታ ሁሉ ሐቀኛ ነውን?

ቡኻሪና ሙስሊም ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲስ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳቸው ሰው እንደሆኑ፣ ከተከራካሪዎች አንዱ ከሌላው ይበልጥ ማስረጃውን አሳምሮ ሊያቀርብ እንደሚችል፣ እሳቸውም በሰሙት እንደሚፈርዱ ተናግረዋል። በዚህ መንገድ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው ግን የእሳት ቁራጭ እንደተሰጠው ቆጥሮ አይውሰደው ብለው አስጠነቀቁ። የችሎት ዕውነትና የአላህ ዘንድ ዕውነት ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው። ዳኛው በቀረበለት ማስረጃ ይፈርዳል። ባለጉዳዩ ግን የልቡን ያውቀዋል።

በሱረቱ ኒሳእ 105ኛው አንቀጽ ለከሐዲዎች ተከራካሪ መሆን ተከልክሏል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት መነሻው በመዲና የተሰረቀ ጥሩር ነው። ሌባው ከአንሷር ወገን ነበር፤ ጥፋቱ ግን በአንድ አይሁዳዊ ላይ ተላከከ፤ ዘመዶቹም ለሌባው ሊከራከሩለት መጡ። ወሕይ ወረደና አይሁዳዊው ነጻ ወጣ። ለወገን መከራከር ከሐቅ ሲጋጭ ወገንተኝነት እንደማይቀድም ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት የለም።

ታሪኩን ስናወራ ጉድፉንም መደበቅ የለብንም። በ729 ሂጅሪ (1329) የሞቱትና ስለ ገበያ ቁጥጥር ኪታብ የጻፉት ኢብኑል ኡኹዋህ በዘመናቸው በቃዲ ደጃፍ የሚቆሙ ወኪሎችን በጽኑ ወቅሰዋል። ብዙዎቹ ከሁለቱም ወገን ገንዘብ ይቀበላሉ ብለው። ጠበቃን ማማት አዲስ ነገር እንዳልሆነ እንግዲህ ልብ በሉ። ልዩነቱ ዑለማኦቹ አምተው አለመተዋቸው ነው፤ ለሙያው ደንብ አበጁለት።

ከመጀለ እስከ አዲስ አበባ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዑስማንያ መንግስት ይህን የሐነፊ ፊቅህ በአንቀጽ በአንቀጽ አድርጎ አወጀ። በአሕመድ ጀውደት ፓሻ መሪነት ከ1869 እስከ 1876 የወጣው «መጀለ» 1,851 አንቀጾች አሉት። ከ16ቱ መጽሐፎቹ 11ኛው ስለ ውክልና ነው። አንቀጽ 1516 የቀድሞውን ክርክር ቋጨው፦ ከሳሽም ተከሳሽም ያለ ባላጋራው ፈቃድ ወኪል ማቆም ይችላል። የሁለቱ ተማሪዎች አቋም ረታ ማለት ነው። አንቀጽ 1519 ደግሞ ለክርክር የተወከለ ሰው ገንዘብ ለመቀበል አልተወከለም ይላል። እዚህ ላይ ደግሞ ዙፈር ረቱ፤ ከሞቱ 1,100 ዓመት ገደማ በኋላ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በድሮው ሥርዓት ሙግት በአደባባይ ነበር፤ ተሟጋቾች ልብሳቸውን አስተሳስረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ያልከፈለ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው። አስቡት፤ ገንዘቡን ለማስመለስ የፈለገ ነጋዴ ራሱም አብሮ እየታሰረ ነው።

በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር የተፈራረሙት የክሎቡኮውስኪ ውል የውጭ ዜጎችን ጉዳይ ለየት አደረገው። በኢትዮጵያዊና በፈረንሳይ ዜጋ ወይም ጥገኛ መካከል ያለ ክርክር ቆንስላው ባለበት እንዲታይ ተደረገ፤ ሌሎች መንግስታትም የዚህ መብት ተካፋይ ሆኑ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከሚነግዱ የየመንና የህንድ ሙስሊሞች ብዙዎቹ በእንግሊዝ ወይም በፈረንሳይ ጥበቃ ስር ነበሩ። በአንድ ገበያ ጎን ለጎን የሚነግዱ ሁለት ሰዎች እንደ ወረቀታቸው ዳኛቸው ይለያይ ነበር።

ከዚያ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ ታወጁ። አርቃቂዎቹ ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ነበሩ፤ መጀለንም አልገለበጡም። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2205 አንብቡ። ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ልዩ ስልጣን ካልተሰጠው በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም ሆነ ማስያዝ፣ በክርክር መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት፣ እንዲያውም መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት አይችልም። በሌላ መንገድ ተጉዞ የደረሰው ዙፈር ከቆሙበት አጠገብ ነው። አንቀጽ 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የዕምነት ቃል ወይም በመሓላ ብቻ ነው ይላል። በዛሬ ገበያ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ምስክር ቆጥረን የምንተማመንበት ብድር ሁሉ በዚህ አንቀጽ ፊት ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የጥብቅና አዋጅ (ቁጥር 1249/2013) ደግሞ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሰሩ ፈቀደ። የሚደራጁበት መልክ ኃላፊነቱ የተወሰነ «ሽርክና» ይባላል። ወኪሎቹ ራሳቸው ሸሪኮች ሆኑ። ሁለቱ የድሮ ቃላት እንደገና ተገናኙ።

ለንደን፣ 2004

በመጨረሻ በዘመናችን ለሆነ አንድ ጉዳይ ቦታ እንስጥ፤ ከወለድ ነጻ ባንክ በአገራችን በተስፋፋበት በአሁኑ ጊዜ ሁላችንንም ይመለከታልና።

የባሕሬን ሻሚል ባንክ ቤክሲምኮ ለተባለ የባንግላዴሽ ኩባንያና ለአጋሮቹ በሙራበሓ ውል ገንዘብ አቀረበ። ገንዘቡ ሳይከፈል ቀረና ባንኩ እንግሊዝ አገር ከሰሰ። በውሉ ላይ ከሸሪዓ መርሆች ጋር በማይጋጭ መልኩ በእንግሊዝ ሕግ እንደሚዳኝ ተጽፎ ነበር። የተበዳሪዎቹ ጠበቆች ይህችን ሐረግ ያዙ። ውሉ በስሙ ሙራበሓ ቢባልም በውስጡ ወለድ ያለበት ብድር ነው፤ ስለዚህ በሸሪዓ የጸና አይደለም፤ ሊያስከፍለንም አይችልም ብለው ተከራከሩ።

የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጥር 2004 ይህን ውድቅ አደረገ። አንድ ውል በሁለት የሕግ ሥርዓት ሊገዛ አይችልም፤ «የሸሪዓ መርሆች» ብሎ በደምሳሳው መጻፍም የትኛው ድንጋጌ እንደሚፈጸም አይነግርም አለ። ተበዳሪዎቹ ተረቱ።

ፉቀሃኦቻችን ይህን ጉዳይ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? አንደኛ፣ ሹሩጡ ጎድሎታል። ውል አርቃቂው የሚፈልገውን ድንጋጌ በግልጽ መጻፍ ሲገባው በአንዲት ውብ ሐረግ አለፈው። ሁለተኛው ከባዱ ነው። ገንዘቡ ተወስዶ ጥቅም ላይ ከዋለ በኋላ ዲንን ላለመክፈል መከራከሪያ ማድረግ አለ። ባንኩም ቢሆን ውሉ በእርግጥ ሙራበሓ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አላህ ዘንድ ይጠብቀዋል። ችሎቱ ሁለቱንም ጥያቄ አልመለሰም፤ የእሱም ስራ አልነበረም።

ምን እንያዝ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አራት ነገር ይዘን እንውጣ።

1. ውል እንጻፍ። ከወንድምም፣ ከአጎት ልጅም ጋር። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ትዕዛዝ ነው።

2. ውክልና ስንሰጥ እያንዳንዱን ስልጣን አንብበን እንፈርም። መከራከር፣ መታረቅ፣ ገንዘብ መቀበል፣ መሸጥ የተለያዩ ናቸው። «ጠቅላላ ይሁንልህ» ብሎ የፈረመ ሰው ኋላ ሲያለቅስ ብዙ አይተናል።

3. ጠበቃ ዘንድ የምንሄደው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ብቻ አይሁን። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሚከፈል ገንዘብ ኋላ ከሚከፈለው ያንሳል።

4. ለጠበቃችን እውነቱን እንንገር። ያለብንን ዕዳ እያወቅን «አስጥለኝ» አንበል። ለሙያው የተሰማራችሁ ወንድሞችና እህቶችም የደንበኛችሁን ሐቅ በሙሉ አቅማችሁ ተከራከሩ፤ ክህደቱን ግን አትሸከሙለት።

ክርክር ይወከላል፤ ሐቅ ግን አይወከልም። ጠበቃው በችሎት ስለ እኛ ይቆማል። በቂያማ ቀን ግን እያንዳንዳችን የምንቆመው ያለ ወኪል ነው።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን፤ ንግዳችንንም በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።